የ7 ደቂቃ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የሀገራችን ስም ማንም ያልጠበቀው ዝርዝር ውስጥ ገባ። 2024 ዋይአር4 የሚባል አስትሮይድ፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር የጠፈር አለት፣ ዲሴምበር 22 ቀን 2032 ምድርን ሊመታ ይችላል ተባለ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከመታ ደግሞ ሊወድቅ የሚችልበት መስመር ከምሥራቅ ፓስፊክ ተነስቶ፣ የደቡብ አሜሪካን ሰሜናዊ ክፍል፣ አትላንቲክን፣ አፍሪካንና የዓረብ ባሕርን አቋርጦ እስከ ደቡብ እስያ የሚዘልቅ ነበር። የዜና ማሰራጫዎች ሀገራቱን ሲዘረዝሩ ቬንዙዌላ፣ ኮሎምቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ፓኪስታን፣ ህንድ ይሉ ነበር።

ከዚያ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስምንተኛው ሺህ ገባ ያለ አለ። ፈረንጅ ሊያስፈራራን ነው ያለም አለ። አንዳንዱ ደግሞ እኛ ጋ ያልመጣ መከራ የለ፣ ይሄም ይምጣ ብሎ ቀለደ። ፌብሩዋሪ ሳያልቅ አደጋው የለም ተባለና ወሬው ጭጭ አለ። ብዙ ሰው ጋ የቀረው ትዝታ «ዝም ብለው አስፈራሩን» የሚል ነው።

እኔ ነገሩ እንደዚያ ሊታለፍ አይገባም ባይ ነኝ። የምድርን ትንሽነት ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘንም። ከዚያም በላይ፣ አለቱ እንደ እኛ ያለውን ሀገር የሚመለከት አንድ ጥያቄ አስነስቶ፣ ጥያቄው ሳይመለስ ነው ያለፈው። ወደ እሱ እመጣለሁ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀኑ ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

ከመጠኑ እንነሳ። ምድር ከጫፍ እስከ ጫፍ 12,742 ኪሎ ሜትር ነች። ፀሐይ ውስጥ 1.3 ሚሊዮን ምድር ይገባል። ፀሐይ ራሷ ፍኖተ ሐሊብ በሚባለው የእኛ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ካሉት ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አንዷ ነች፤ ያውም ተራዋ። ከእሷ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር በ1977 ተነስታ እስካሁን በሰዓት 61,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ተጉዛ የደረሰችበት ቦታ ግን ለብርሃን የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻ ነው። ይህቺው መንኮራኩር በ1990፣ 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ሳለ ካሜራዋን ወደ ኋላ አዙራ ምድርን ፎቶ አነሳቻት። ምድር በፎቶው ላይ አንድ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዷን እንኳ አልሞላችም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደረደር ሰው ያዛጋል፣ አውቃለሁ። ቢሊዮን ስንት እንደሆነ እኔም በአካል አይታየኝም። የሚታየኝ ቁጥር 7 ነው።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄደው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ስትሄድ የራሷን ወርድ የሚያህል መንገድ ለመጨረስ 7 ደቂቃ ይበቃታል። አሁን የእሷን መንገድ የሚያቋርጥ አንድ አለት አስቡ። መስቀለኛው ቦታ ላይ 7 ደቂቃ አርፍዶ ከደረሰ ምድር አልፋለች። 7 ደቂቃ ከቀደመ ደግሞ ገና አልደረሰችም። በፀሐይ ዙሪያ ለሚሊዮን ዓመታት ሲዞር የኖረ ድንጋይ፣ ቡና ለመጠጣት እንኳ በማይበቃ ጊዜ ይስተናል ማለት ነው። እስከ ዛሬ ካተረፉን ነገሮች አንዱ ይሄው ትንሽነታችን ነው። ለመመታት እንኳ አንመችም።

ችግሩ ጊዜው ረጅም መሆኑ ነው። ሺህ ጊዜ ቢስት አንድ ቀን ያገኛል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከ10 ኪሎ ሜትር የማያንስ አለት ዛሬ ሜክሲኮ የምንለው ቦታ ላይ ወድቆ ዳይኖሰሮችን ጨምሮ በዓለም ላይ ከነበሩት የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያዎች ሦስት አራተኛውን አጠፋ። ያን ዕለት 7 ደቂቃ ቢያረፍድ ኖሮ እኔ ይህን አልጽፍም፣ እናንተም አታነቡትም።

ወደ ዋይአር4 እንመለስ። ወርዱ ወደ 60 ሜትር ነው። ዓለምን አያጠፋም፤ አንድ ከተማ ግን ያወድማል። ያገኘው ቺሊ ውስጥ ያለ ቴሌስኮፕ ሲሆን ቀኑ ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አለቱ በአጠገባችን ያለፈው ዲሴምበር 25 ነው። ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነው ያየነው! የመጣው ከፀሐይ በኩል ስለነበር በሌሊት ሰማይ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሊያየው አይችልም ነበር።

ከዚያ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። በጃንዋሪ መጨረሻ የመምታት ዕድሉ 1 በመቶ አለፈ። ፌብሩዋሪ 18 ላይ 3.1 በመቶ ደረሰ፤ ከ32 አንድ ማለት ነው። በዚህ መጠን ላለ አለት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ግን 0.004 በመቶ ሆነ። ሰው ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው። እየጨመረ የነበረ ነገር እንዴት ድንገት ዜሮ ይሆናል? ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ አሁን እየደበቁ ነው ተባለ።

ሁለቱም አይደለም። አንድ አለት ገና እንደታየ ምህዋሩ የሚታወቀው በግምት ነው። በ2032 የት ይደርሳል ቢባል መልሱ አንድ ነጥብ ሳይሆን ረጅም መስመር ነው፤ እዚህ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ይሆናል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አናውቅም እንደማለት። ምድር ከዚያ መስመር ላይ ትንሽ ቁራጭ ትሸፍናለች። በየሌሊቱ አዲስ ምልከታ ሲጨመር መስመሩ ያጥራል፣ የምድር መጠን ግን ያው ነው። ስለዚህ ምድር መስመሩ ውስጥ እስካለች ድረስ ድርሻዋ እያደገ ይሄዳል። መስመሩ ይበልጥ ሲያጥርና ምድርን ውጭ ሲያስቀራት ደግሞ ቁጥሩ በአንዴ ይወድቃል። የወጣውም የወረደውም በዚያው ሥራ ነው፣ በማጣራት። ወደፊት ሌላ አለት ሲመጣም ይኸው ይደገማል፤ ቁጥሩ ይወጣል ይወጣልና አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። በነገራችን ላይ ይሄው አለት ጨረቃን የመምታት ዕድሉ ደግሞ ከዚያ በኋላ 4 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር።

የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የወጣው አለት አይደለም። ቁጥር ጭራሽ ያልተሰጠው ነው።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 የጠፈር ባለሙያዎች ሁሉ ዓይናቸውን የተከሉት አንድ አስትሮይድ ላይ ነበር። ከምድር 27,700 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንደሚያልፍ ቀድሞ ታውቋል፣ ሰዓቱ ተቆርጧል፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። በዚያው ቀን ጠዋት ከእሱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ አለት፣ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ማንም ሳያየው ከፀሐይ በኩል መጥቶ ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ከተማ አካባቢ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ብርሃኑ ለአፍታ ከፀሐይ በለጠ። ሰው ሁሉ ምንድነው ብሎ ወደ መስኮት ሮጠ፣ ቆሞም ጭሱን ያይ ጀመር። ብርሃን ቀድሞ ይደርሳል እንጂ የፍንዳታው ግፊት ከኋላ ነው የሚመጣው። ከደቂቃ በላይ ቆይቶ ሲደርስ የከተማው መስታወት በሙሉ በሚያስብል ሁኔታ ረገፈ። ወደ 1,500 ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛው በመስታወት ስብርባሪ ነው። አንዲት መምህርት ብርሃኑን እንዳየች 44 ተማሪዎቿን ጠረጴዛ ሥር አስገባቻቸው። ልጆቹ ምንም አልሆኑም፣ እሷ ግን በመስታወት ተቆረጠች። እንዲህ ያለ ብርሃን ሰማይ ላይ ካያችሁ ስልክ አውጥታችሁ ወደ መስኮት አትሩጡ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ሱዳን ነው። ኦክቶበር 2008 አሜሪካ አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ 4 ሜትር ገደማ የሚሆን አለት አየ። ስሌቱ ሲሠራ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ እንደሚወድቅ ታወቀ። ሰው አንድን አስትሮይድ ከመውደቁ በፊት አይቶ የት እንደሚወድቅ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነው። እንደተባለውም ኦክቶበር 7 ጎህ ሲቀድ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። ሁሉም ተቃጥሎ አልቋል ተብሎ ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ግን በአውቶቡስ ወደ በረሃው ሄደው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አሸዋውን እያዩ በእግራቸው አሰሱት። ጥቋቁር ስብርባሪዎች አገኙ፤ በተከታታይ ጉዞም ብዛቱ በመቶዎች ሆነ። ድንጋዩ በአካባቢው ባለ የባቡር ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ ተባለ፣ ጣቢያ 6 እንደማለት። ጠፈር ላይ በቴሌስኮፕ የታየ አለት በእጅ ሲያዝም ያ የመጀመሪያው ነው። ቴሌስኮፑ የአሜሪካ ነው፣ ድንጋዩን ለቅሞ ለዓለም ሳይንስ ያስረከበው ግን የጎረቤታችን ተማሪ ነው። ይሄን ታሪክ እዚህ ሀገር ብዙ ሰው ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም፣ ያሳዝነኛል።

እነዚህ ሁለቱ ሰማይ ላይ የፈነዱት አየር ስላለን ነው። ጋሻችን እሱ ነው። ስንት ይሆናል ውፍረቱ? ጠፈር ይጀምራል የሚባለው 100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ማለት ነው። መኪና ወደ ላይ መንዳት ቢቻል የድሮውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሚኒባስ እንኳ በሁለት ሰዓት ተኩል ጠፈር ይደርስ ነበር። ያም በዝቶ ነው፤ ከጠቅላላው አየር ግማሹ ያለው ከ5.5 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ ግማሹ ተጠግቷል።

ይሄ ስስ አየር ለሁሉም አንድ መሆኑን ደግሞ የራሳችን ተራራ አሳይቶናል። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ 12,000 ዓመት ገደማ ፈንድቶ አይታወቅም የተባለለት። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ። የአመዱ ደመና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል በማግስቱ ህንድ ደረሰ፣ ዴልሂ ላይ በረራ ተሰረዘ። አብዛኛው የህንድ መንገደኛ አፋር የት እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ታዲያ ምን ያህሉን አለት እናውቃለን? ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑት፣ ዓለምን ሊያናጉ የሚችሉት፣ ከ95 በመቶ በላይ ተገኝተዋል፤ በሚቀጥሉት 100 ዓመታት ምድርን ይመታል ተብሎ የሚያሰጋም የለም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2005 ናሳን ከ140 ሜትር በላይ ካሉት 90 በመቶውን እስከ 2020 ፈልገህ አግኝ ብሎት ነበር። ጊዜው አልፎ ግማሹ እንኳ አልተገኘም። እንደ ዋይአር4 ከዚያ ያነሱት ደግሞ አብዛኞቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። በ1908 ሳይቤሪያ ላይ ሰማይ ውስጥ የፈነዳው ከ50 ሜትር ብዙም የማይርቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን መሬት ላይ አነጠፈ። የአዲስ አበባ ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ተስፋ የሚሰጠው ፍለጋው እየተፋጠነ መሆኑ ነው። ቺሊ ላይ በ2025 ሥራ የጀመረው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በ10 ሰዓት ገደማ ምልከታ ብቻ ከ2,000 በላይ አዳዲስ አስትሮይዶች አግኝቷል። ናሳም ከፀሐይ በኩል ተደብቀው የሚመጡትን በሙቀታቸው የሚለይ ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር ሊልክ እያዘጋጀ ነው።

ተገኘ እንበል። ከዚያስ? የ7 ደቂቃው ነገር እዚህ ይጠቅመናል። አለቱን መፍጨት አያስፈልግም፣ ማስረፈድ ወይም ማስቀደም ይበቃል። ከ10 ዓመት በፊት ፍጥነቱን በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ብትቀይሩት ቀኑ ሲደርስ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። ይህ ደግሞ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ተሞክሯል። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022፣ በእኛ መስከረም 16 ቀን 2015፣ ደመራው ተለኩሶ ሰው ቤቱ በገባበት ሌሊት፣ ከምድር 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ዳርት የተባለች የናሳ መንኮራኩር ሆን ብላ ዲሞርፎስ ከተባለ አለት ጋር ተላተመች። አለቱ 160 ሜትር ነው፣ እሷ 570 ኪሎ ግራም ገደማ። ዲሞርፎስ ሌላ ትልቅ አለት ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ከግጭቱ በኋላ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሆነ። ሰው የአንድን የሰማይ አካል መንገድ ሲቀይር በታሪክ የመጀመሪያው ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን ማስቆም አንችልም፣ እሳተ ገሞራን ማስቆም አንችልም፤ ይሄን ግን ቀድመን ካየነው እንችላለን።

ያልተመለሰው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዋይአር4ን መስመር እንደገና አስቡት፣ ከኮሎምቢያ እስከ ባንግላዴሽ። አለቱ ወደ ሙምባይ እያመራ ነው እንበል። አንድ ሀገር መንኮራኩር ላከና ገፋው፣ ግን ግፊቱ የታሰበውን ያህል አልሆነም። አለቱ ምድርን አይስትም፤ በዚያው መስመር ላይ ይንሸራተታል። የት? ወደ ዓረብ ባሕር፣ ወይም አልፎ ወደ ጎንደር፣ ወደ ካርቱም። አደጋ ላይ ያልነበረ ሕዝብ በሌላ ሰው ውሳኔ አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ማን ፈቀደ? ማን ይጠየቃል?

በተባበሩት መንግሥታት ምክር የተቋቋሙ ሁለት መድረኮች አሉ። አንዱ ያስጠነቅቃል፣ ሌላው ምን ዓይነት ተልዕኮ ይሻላል ብሎ ይመክራል። ይመክራል አልኩ እንጂ አይወስንም። ሮኬቱ ያላቸው ሀገራት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ውሳኔውም በተግባር የእነሱ ነው። የ1972ቱ የጠፈር ተጠያቂነት ስምምነት ያመጠቅከው መንኮራኩር ምድር ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ትከፍላለህ ይላል። አለቱን ግን ማንም አላመጠቀውም፤ ተገፍቶ መንገድ ለቀየረ ድንጋይ ማን ካሳ ይከፍላል የሚለውን የሕግ ሰዎች ይከራከሩበታል። በዚያ ክርክር ውስጥ የአፍሪካ ድምፅ ብዙ አይሰማም። የሚያስፈራኝ ከድንጋዩ ይልቅ ይሄ ነው።

ድምፅ የሚገኘው ደግሞ ከመረጃ ነው። ካርቱሞች የተከበሩት በረሃ ገብተው ድንጋዩን ስላገኙ ነው። እኛም እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ክረምቱም የከተማው መብራትም ያስቸግራቸዋል እንጂ የታወቀ አስትሮይድ ለመከታተል አያንሱም። የአንድን አለት መስመር የሚያሳጥረው ከተለያየ ቦታ የሚደረግ ተደጋጋሚ ምልከታ ነው። አንድ ቀን መስመሩ በእኛ ላይ ሲያልፍ ቁጥሩን ከዩቲዩብ ከምንሰማ ራሳችን ብናዋጣ ይሻላል።

መለማመጃውም ደርሷል። አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ በ2004 ሲገኝ ለ2029 የመምታት ዕድሉ 2.7 በመቶ ደርሶ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። አሁን ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማይመታን በራዳር ተረጋግጧል። 340 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያልፈው ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ የቴሌቪዥን ሳተላይቶቻችን ከሚቆሙበት ከፍታ በታች። በዚህ መጠን ያለ አለት እንዲህ ቀርቦ በዓይን የሚታይበት አጋጣሚ በሺህ ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ከሚታይባቸው አህጉራት አንዷ ደግሞ አፍሪካ ነች።

ቀኑ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ለ6 አጥቢያ ነው፤ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በጣም ይቀርባል። ጨረቃ አትኖርም፣ ሰማዩ ጨለማ ነው። ያለ ቴሌስኮፕ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ መካከለኛ ኮከብ መስሎ ይታያል። የከተማ መብራት ካለበት ራቅ በሉ። የበልግ ደመና እንዳያበላሽብን ግን እፈራለሁ፤ አዲስ አበባ ከጠቆረች እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ አዋሽ እወርዳለሁ።